የራኬብ መርከብ እና ካፒቴን ዓለሜ

መርከቧ እንደገና ስትገለበጥ ራኬብ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ፊቷን ሸፈነች።

«አየሽ፣ ዘገየሽ» አሉ አያቷ ከጎኗ። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው ተቀምጠዋል። «ማዕበል ሲመጣ ቶሎ ጎን ትሰጪዋለሽ። ጎን ሲያገኝ እቅፍ አድርጎ ያሳልፋታል።»

«ሰጠሁት እኮ አባባ!»

«ቶሎ አልሰጠሽውማ።»

ስክሪኑ ላይ የመርከቧ ቀይ ሆድ ወደ ሰማይ ዞሮ ይንሳፈፋል። ራኬብ ተነፈሰችና መርከቧን መልሳ ወደ መሥሪያው አስገባቻት። ሆዷን ልታሰፋው ነው። ወይም ጭስ ማውጫዋን ልታሳጥረው። ከፋሲካ ወዲህ ያልሞከረችው ነገር የለም፤ መርከቧ ግን ማዕበል ባየች ቁጥር ትገለበጣለች።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። የራኬብ እናት መሰለች የምትሠራበት ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ለሠራተኞች ሲያከፋፍል፣ አንዱ ቁስቋም ወዳለው ቤታቸው መጣ። ሲበራ እንደ ጁስ ቤት መፍጫ ይጮኻል፤ ግን ይሠራል። የክፍል ጓደኛዋ ሊሚ በፍላሽ ያመጣላትን ጌም ጫነችበት። ጌሙ ውስጥ ጠላት የለም፣ ጥይትም የለም። ያለው ሜዳ፣ ተራራ፣ ባሕር፣ ከዚያ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ብሎክ፣ ጎማና ሞተር ነው። የፈለጉትን ገጣጥሞ መንዳት ነው እንግዲህ።

የመጀመሪያ መኪናዋ የጫማ ካርቶን ትመስል ነበር፤ ነዳጅ ስትሰጣት ወደ ኋላ ሄደች። ቀጥላ የሠራቻት ዳገት ላይ ጎማዋን ጥላ ቀረች። ኅዳር ላይ ግን በሯ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሠራች። ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት አስመስላ መንገድ ቀየሰችና ሚኒባሷን ጢም አድርጋ ጭና አወጣቻት። ሊሚ ዙሪያዋን አይቶ «ወያላው ብቻ ነው የጎደለው» አላት። ለሊሚ ይህ ትልቅ አድናቆት ነው።

ከጥምቀት በኋላ ወደ ባሕሩ ዞረች። የዚህ ምክንያት አያቷ ናቸው።

አቶ ዓለሜን በሰፈሩ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ካፒቴን ናቸው። ታክሲ ተራ ላይ ወያላዎቹ «ካፒቴን፣ ጋቢና ይግቡ!» ይሏቸዋል። ቸርች ውስጥ ወጣቶቹ «ካፒቴን፣ ጌታ ይባርክዎት» እያሉ ወንበር ይለቁላቸዋል። አገሩ ገና ወደብ ሳለው፣ በወጣትነታቸው፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ራኬብ ስለ ባሕር ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው። ባሕር ሲቆጣ አስቀድሞ ቀለሙ እንደሚለወጥ፣ ሌሊት መርከብ ሲገባ መብራቱ ከድምፁ ቀድሞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

መኪና ስትሠራ አያቷ ከሩቅ «ጎበዝ» ብለው ያልፉ ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ ውኃ የነካች ቀን ግን ወንበር ስበው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሡም። ጣቶቿ ከኪቦርዱ እንዳይነሡ ብርቱካን ልጠው አንድ አንድ ፍሬ ያጎርሷታል። ስለ መርከቧ ቀለም ይከራከራሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ሳይነሡ ይጠብቃሉ፤ ሲመጣ እኩል «እሰይ!» ይላሉ። መሰለች ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ታያቸውና «ሁለት ልጅ ነው ያለኝ» ትላለች።

ግንቦት ላይ የትምህርት ቤታቸው የፈጠራ ቀን ተቃረበ። የፊዚክስ መምህሯ ቲቸር ሔለን ስለ ራኬብ መርከብ ሰምታ «በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ በፕሮጀክተር ታሳዪናለሽ» አለቻት። ራኬብ ከደስታዋ የተነሣ ቃሉ ከአፏ አመለጠ።

«አያቴ ካፒቴን ነበሩ፤ እሳቸውም መጥተው ስለ ባሕር ቢያወሩስ?»

ክፍሉ አጨበጨበ። ያን ቀን ማታ ለአያቷ ስትነግራቸው ግን አያቷ አላጨበጨቡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እ... ማለቴ... እግሬ እኮ ሰሞኑን...»

«በታክሲ ነው የምንሄደው አባባ! ጋቢና!»

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። ራኬብ ልብ አላለችውም።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ኪሩ ከቢሾፍቱ መጡ። ከምጽዋ ጀምሮ የአያቷ ወዳጅ ናቸው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ። አያቷ ለእንግዳቸው ለስላሳ ሊገዙ ወደ ሱቅ ሲወጡ አቶ ኪሩ ስክሪኑን አዩ።

«ይቺን መርከብ ማን ሠራት?»

«እኔ ነኝ። አባባ እያሳዩኝ።»

«ዓለሜ?» አሉ አቶ ኪሩ። ከዚያ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «ዓለሜና መርከብ! ልጄ፣ አንድ ቀን በግድ ጀልባ ላይ አውጥተነው ገና ከወደቡ ሳንርቅ ሆዱ ተገለባብጦ ተሸክመን ነው ያወረድነው። ዳቦ ጋጋሪያችን እኮ ነበር! ወይ ዳቦ! ባሕር ላይ ስንሰነብት እኛ የምንናፍቀው ሚስቶቻችንን ሳይሆን የዓለሜን...»

የራኬብን ፊት አዩና አቆሙ።

«አልነገረሽም እንዴ?» አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

በሩ ተከፈተ። አያቷ ጠርሙሶቹን ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። አቶ ኪሩ ስለ ቢሾፍቱ ሙቀት ማውራት ጀመሩ።

እንግዳው ከሄዱና አያቷ ጋደም ካሉ በኋላ ራኬብ ኮምፒውተሩን ከፈተች። መርከቧን ወደ ጥልቁ ባሕር አወጣቻት፤ ማዕበሉንም ጠራችው። በዚህ ጊዜ ጎን አልሰጠችውም። የመርከቧን አፍንጫ ቀጥታ ወደ ማዕበሉ አዞረችና ጠበቀች። መርከቧ ሽቅብ ወጣች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ውኃውን በጣጥሳ ቀጥ ብላ ቆመች። ሌላ ማዕበል መጣ። ቆመች። ሌላም መጣ።

ራኬብ አልተደሰተችም። ከፋሲካ ጀምሮ ስትሠራና ስታፈርስ የከረመችው፣ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳይቀር እያዘገየች፣ ለካ መርከቧ ምንም ሳይጎድላት ነው። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ነበር።

ሰኞ ለሊሚ ነገረችው።

«ሼባው ፎገሩን በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «እሺ፣ ሶሪ። ግን ተማሪው ሁሉ እኮ ‹ካፒቴኑ መቼ ነው የሚመጡት› እያለ ነው። ለቲቸር ታመዋል በያትና ተገላገይ።»

ራኬብ እስከ መምህራን ክፍል ድረስ ሄደች። ቲቸር ሔለን ከውስጥ አይታት «ራኬብ! ለካፒቴኑ የፊት ወንበር አዘጋጅተናል፤ ንገሪያቸው» አለቻት። ታመዋል የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተገላበጠ። ያ ውሸት ደግሞ የእሷ ሊሆን ነው። «እሺ ቲቸር» ብላ ተመለሰች።

ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ ሆና የምትናገረውን ስታጠና መጣች። ‹ለምን ዋሹኝ?› ትላለች። ‹በክፍሉ ሁሉ ፊት ላፍር ነው› ትላለች። ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የኮምፒውተሩ ጩኸት ይሰማል። አያቷ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሁለት ጣት ኪቦርዱን እየነካኩ ነው።

«እሺ የኔ እናት... ቀስ... ቀስ በይ... ኧረ አትውደቂብኝ!»

መርከቧ ተገለበጠች።

«ይቅርታ» አሏት መርከቧን። እንደገና አስነሧት። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?»

ደንግጠው እጃቸውን አነሡ። «መጣሽ እንዴ? እ... ሐሙስ ልጆቹ እስቲ ይንዱልን ቢሉኝ ብዬ ነው። እንዳላሳፍርሽ።»

ራኬብ ቦርሳዋን አስቀመጠች። የእሳቸውን ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጎን አይስጡት» አለች። «ፊቷን ያዙሩለት። ቀጥታ ወደ ማዕበሉ።»

«ቀጥታ?»

«ቀጥታ።»

አያቷ እንዳለቻቸው አደረጉ። መርከቧ ወጣች፣ ወረደች፣ ቆመች። እሰይ አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁና በሹራባቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ኪሩ ነግሮሻል» አሉ።

«አዎ።»

ማዕበሉ መርከቧን እያነሣ ያስቀምጣታል።

«ከምጽዋ ስመለስ እናትሽ ትንሽ ልጅ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ወያላ የባሕር ኃይል ጃኬቴን አይቶ ካፒቴን ብሎ ጠራኝ። ሳቅሁና ዝም አልሁ። እሷ ግን ሰማች። በነጋታው ትምህርት ቤት ሄዳ አባቴ ካፒቴን ነው አለች። ያኔ ሥራ የለኝ፣ ምን የለኝ። ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ ሳያት... እንዴት ብዬ ልመልሰው?»

«እኔ ግን መርከቧ የምትገለበጠው በኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር።» የራኬብ ድምፅ ተሰበረ። «ስንቴ አፈረስኳት።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ‹አባባ ይምጡ› ስትዪ ወንበሬን ይዤ እመጣለሁ። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ ካልሁሽ ወንበሬን የምታነሺብኝ መሰለኝ።»

ራኬብ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ተናዳለች፤ አሁንም ተናዳለች። ግን ያ ወንበር በጭራሽ ከዚያ ቦታ ሊነሣ እንደማይችል እንዴት አላወቁም?

«ሐሙስ ምን ልበላቸው?» አሉ አያቷ፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ።

«ምድጃው ትልቅ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ስለ ምድጃው፣ ውጪው ራሱ ምድጃ በሆነበት አገር እሳት ፊት ስለመቆም፣ ጎህ ሳይቀድ ስለሚቦካው ሊጥ። ባሕር ላይ ሻጋታ እንዳይበላው ዳቦው ሁለት ጊዜ ይጋገር እንደነበር። ትኩሱን በጆንያ ጭነው ወደ መርከቡ ሲያደርሱ መርከበኞቹ ከእጃቸው እየነጠቁ ይበሉ እንደነበር። ራኬብ ይህን ሁሉ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። የሚያወሩበት ድምፅም አዲስ ሆነባት፤ ሲጠየቁ ቆም ብለው ማሰብ አያሻቸውም። እያዳመጠች ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ መሥራት ጀመሩ።

«በሩ በዚህ በኩል ነው» አሉ አያቷ ስክሪኑን እያዩ። «ወደ ባሕር ነው የሚያየው። ንፋስ እንዲገባ።»

በሩን አዞረችው።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አያቷ ኮታቸውን አስተኩሰው ለብሰዋል። ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ብቻ እያዩ መጡ፤ ወያላው እንኳ «ካፒቴን፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ቲቸር ሔለን ማይኩን ያዘች።

«አሁን ደግሞ ካፒቴን ዓለሜ ስለ ባሕር ሕይወታቸው ያጫውቱናል። ራኬብም መርከቧን ትነዳልናለች!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። አያቷ ተነሡ። ማይኩን ተቀብለው ወደ ፊት ሲወጡ ራኬብ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሆና በዓይኗ ተከተለቻቸው።

ስክሪኗ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ጥልቁ ባሕር ነው። እሱን ብትከፍት ማዕበሉ ይነሣል፣ ስፒከሩ ይጮኻል፣ ተማሪው ያብዳል፤ አያቷ ቆመው ራሳቸውን ቢነቀንቁ ይበቃል። ማንም ምንም አይጠይቅም፤ ካፒቴን እንደ ሆኑ በጋቢና ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሌላው ማክሰኞና ረቡዕ የሠራችው ነው።

ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት።

«ክፈቺው ልጄ» አሉ፣ በማይኩ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ።

ግድግዳው ላይ ወደብ መጣ። ውኃው ረግቷል። ቀይዋ መርከብ በገመድ ታስራ ቆማለች። ከአጠገቧ ከየብስ ወደ ውኃው የገባ ረጅም የድንጋይ መሻገሪያ አለ፤ ከመሻገሪያው ኋላ ደግሞ በሩ ወደ ባሕር የሚያይ፣ ጭስ የሚወጣው ዝቅተኛ ቤት።

አያቷ ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ እሱ ሄዱ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን አገኛቸውና ጥላቸው ከመሻገሪያው ጫፍ ላይ ወደቀ። ጣታቸውን እዚያው ላይ አሳረፉ።

«እኔ የምቆመው እዚህ ጋ ነበር» አሉ። «እጄ በዱቄት እንደ ነጣ። መርከቦቹ እስኪጠፉ ድረስ አያቸዋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ቲቸር ሔለን ግራ ተጋብታ ወደ ራኬብ ዞረች። ሊሚ ከፊት ረድፍ አንገቱን አስግጎ «አስነሺያት እንጂ!» አላት በከንፈሩ።

ራኬብ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ አያቷ ጨርሰው እስኪያወሩ መርከቧ ትቁም።