የመጨረሻው ጥራዝ

«አልቀደድኩም አልኩ እኮ! ስወስደውም መጨረሻ አልነበረውም!»

የሽቦ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። በቅጥነቷ ምክንያት ይህ ስም ከወጣላት ወዲህ ተማሪው ሁሉ የሚጠራት በዚያው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ከጥገና ከተመለሰ ወዲህ የወሰድሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ካርዱ ይናገራል። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥተሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ፈተናው እስኪያልቅም እዚህ እግርሽ እንዳይረግጥ።»

የመጻሕፍት ጠራዡ ልጅ ከጓደኛዋ ከሽቦ ጎን ቆማ ነበር። ሽቦ ቤቷ ውስጥ አንድም መጽሐፍ እንደሌላት፣ የምታጠናውም በዚህ ክፍል ብቻ እንደ ሆነ ታውቃለች።

«እትዬ፣ እኔ ልየው?» አለችና መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው።

ታሪኩ ሁለት መቶ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ በዐረፍተ ነገር መካከል ይቋረጣል። ሆኖም የተቀደደ ወረቀት የሚተወው ሸካራ ጠርዝ የለም። ከዚያ ገጽ በኋላ ክሩ በወጉ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የገባ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች።

መጽሐፍ የሚሰፋው በጥራዝ ነው፤ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየታጠፈ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ። አባቷ አሥራ ሦስቱን ሰፍቶ አሥራ አራተኛውን ዘሎታል።

መጽሐፉን ዘግታ መለሰች።

ሁለቱ ልጆች ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «አየሽ፣ የመጽሐፉ ኢንስፔክተር ቢሆን እንዲህ አይጮኽብኝም ነበር» አለች ሽቦ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ሽቦ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየእረፍቱ ታሪኩን በምዕራፍ በምዕራፍ ስትተርክላት ሰንብታለች። ኢንስፔክተሩ ተጠርጣሪ ቤት ሲገባ ካቴናውን ከኪሱ አያወጣም። ወንበር ስቦ ከሰውየው ጎን ይቀመጣል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ሰውየው ሸክሙን በራሱ እጅ እስኪያወርድ ድረስ ይጠብቃል። «ፖሊስ ነው ወይስ አያት?» ብላ የጠራዡ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አስቃት ነበር።

«ተጠርጣሪውን ሰዓት ሠሪ ይዞት ይሆን?» አለች ሽቦ። «እሱን ሳላውቅ መባረሬ ነው የሚያንገበግበኝ!»

የጠራዡ ልጅ ለመሳቅ ሞክራ አቃታት።

ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱ የወትሮው መንገድ አልመስል አላት። ሰዎች በአጠገቧ ያለ ድምፅ የሚያልፉ መሰላት፤ ከኋላዋ ግን የማይቸኩል ከባድ እርምጃ የምትሰማ ይመስላት ነበር። ዘወር አላለችም። ትምህርት ቤቱ አሮጌ መጻሕፍቱን የሚልከው ለአባቷ ነው። ዐይኑ መድከሙን ቢሰሙ መላካቸውን ይተዋሉ፤ እርሱ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም።

አባቷ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ አጎንብሶ ሙጫ ይቀባል። በመስኮቱ የገባው የማታ ፀሐይ የወረቀቱን ብናኝ ወርቅ አስመስሎታል፤ ክፍሉ በጠራ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

«መጣሽ እናቴ? ምነው ፊትሽ ዳመነ?»

ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሥር፣ ከወረቀት ቁርጥራጩ መካከል፣ ታጥፎ የወደቀ ጥራዝ አየች። አነሣችው። የመጀመሪያው ገጹ ሁለት መቶ ዘጠኝ ይላል።

ጥራዙን ከቁርጥራጩ ጋር ጠራርጋ ልትጥለው ትችል ነበር። እርሷ ግን በርጩማ ስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ሰዓት ሠሪው አጠገብ ዐረፍ አለ። ዝናቡ እንደሚያባራ ነገረው። አባቷ እየሠራ ያደምጣል፤ ሁለት ጊዜም ፈገግ አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ብሩሹ በአየር ላይ ቆመ።

«ከየት ያመጣሽው ነው?»

«ከመጭመቂያው ሥር ነው፣ አባዬ።»

ተቀብሎ የወረቀቱን እጥፋት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የቀረውስ የት አለ?»

«ትምህርት ቤት። ሽቦ ቀደደችው ተብሏል። ነገ ሰልፍ ላይ ልትቆም ነው።»

«ያቺ ተጫዋቿ ልጅ?» ብሩሹን አስቀመጠ። «ፊደሉ ከክረምት ጀምሮ ይሟሟብኛል። ስሚ፣ አሁኑኑ ለብቻው እሰፋውና ትወስጂዋለሽ። መደርደሪያ ሥር ወድቆ ተገኘ በያቸው። ልጅቷም ትድናለች፣ እኔም...» አልጨረሰውም።

ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ቀላል መሰለ።

«መደርደሪያ ሥር ተገኘ ከተባለ ቀድዳ የጣለችው እሷ ናት ይባላል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ከሰልፉ በፊት የሆነውን እነግራቸዋለሁ፣ አባዬ። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም እነግራቸዋለሁ።»

ይህን ብላ ከአጠገቡ አልተነሣችም። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ በቀስ ሲሸሽ አብረው አዩት።

አባቷ መርፌና ክር አነሣ። አንድ ጊዜ ሞከረ፤ ክሩ ሳተ። ደግሞ ሞከረ፤ ሳተ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ እርሷ ዘረጋ።

«በይ አስገቢልኝ» አለ። «መጽሐፉን ነገ እዚያው ትምህርት ቤት ሄደን ነው የምንሰፋው።»

የክሩን ጫፍ በምላሷ አርጥባ አስገባችለት።