መስመር የሌለው ክኒን

የልብስ ስፌት ቤቱ ቆራጭ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ራሱ ቆርጦ በጨረሰው ጥቁር የምረቃ ጋውን ላይ ተደፍቶ ሞቷል። አጠገቡ ያስመለሰበት ባልዲ አለ። ከባልዲው ወዲያ ሦስት ሰዎች ቆመው አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ይቀስራል።

ኮንስታብሉ ግን ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ሟች ጠቁሯል፤ ጠዋት ሻይ ያመጣለት ልብስ ተኳሹ ነው፤ ስለዚህ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ ተኳሹ ነው። የዚህ ሰው ጭንቅላት ለቆብ መስቀያ ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም። ተኳሹን በካቴና አስሮ «ተጠርጣሪው ተኳሽ ነው» ሲል ለጣቢያ ደወለ። «ጥይቱን አግኝተኸዋል?» ብለው ሲጠይቁት ግራ ገብቶት ጠረጴዛው ሥር መፈለግ ጀመረ።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው እሱ እንዳጎነበሰ ነው። ሞኝ የማትወድ ሴት ናት፤ ሥራዋ ደግሞ ከሞኝ ጋር ያውላታል።

«ተነስ» አለችው። «ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ተኳሹ፣ የታሰሩ እጆቹን እያነሳ። «ሻዩን አስቀምጬ ካውያዬን ለማጋል ዞር ከማለቴ ወደቀ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እናታቸው የለችም። በነፍስ ግድያ ከገባሁ ማን ያሳድግልኛል?»

«መጀመሪያ መልስ፤ ለቅሶው ይደርሳል።»

ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ከንፈሩን ገለጥ ስታደርገው ድዱ ጠቆር ጠቆር ብሏል። የመዳፉ መስመሮች ጠቁረዋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለው የመቀስ ጠባሳም ቀለም የነካው ይመስላል። የሱሪው ወገብ ሦስት ጊዜ ጠቧል፤ ሦስቱም ስፌት በየተለያየ ክር ነው። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ወጣ። ሌላ ደግሞ መቀስ የቧጨረውና የተፈረካከሰ ነጭ ክኒን አገኘች።

«መርዝ በአንድ ጠዋት ጠባሳ አያጠቁርም» አለችው ለኮንስታብሉ። «ሱሪም አያሰፋም።»

ካቴናውን ግን ገና አላስፈታችም። ወደ ሟች ሚስት ዞረች።

«ባልሽ መክሳት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዓመት አልፎታል። ከአልጋው ሲነሳ ዓይኑን ያጨልምበታል፣ ጨው በእፍኙ ይቅማል፣ እህል ግን አይወርድለትም። ‹ጨጓራ ነው› አለኝ፤ አመንኩት።»

«ሲጠቁርስ?»

«ጎረቤቶቹ ፀሐይ ነው አሉኝ።»

«ከጠዋት እስከ ማታ ጣሪያ ሥር የሚውል ልብስ ሰፊ!» አለች ኢንስፔክተሯ። «መቼም ጎረቤት ሐኪም መሆን ሲያምረው! እሺ፣ ትናንትስ?»

«ጉንፋን ይዞት ሲያስመልሰው አደረ። ዛሬ እቤት ቅር ብለው ‹የቀረውን ልቁረጥ፤ ከነገ ወዲያ የራሳችንን ሱቅ እንከፍታለን› ብሎኝ ወጣ።»

ተኳሹ ተከተለ። «ክኒን ይውጥ ነበር፣ እትዬ። ጠዋት አንድ ሙሉ፣ ከሰዓት ግማሽ። ከሳምንት ወዲህ ግን አልሰበር ብሎት በመቀስ ይታገል ነበር። ‹ፋብሪካው ተቀይሮ ይሆናል› አለኝ።»

«ብልቃጡ የት ይቀመጣል?»

«መሳቢያው ውስጥ፣ የሐኪም ካርድ ተጠቅልሎበት። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፊደል አልለይም።»

የሱቁ ባለቤት የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። ወንድሙ ጠረጴዛው ላይ ሞቶ እሱ የትእዛዙን ዝርዝር ያነባል፤ በሰማያዊ ጠመኔው እያንዳንዱን መስመር ከሥር እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

«ስለ ሕመሙ ምን ያውቃሉ?»

«ምንም። ሐኪም ቤት ረግጦ አያውቅም። በሽታው ስንፍና ነበር።»

«ምናልባት ደብቆዎት ይሆናል።»

«እንግዲህ እጢ ያለበት ሰው ምን ብሎ ያወራል?» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ኢንስፔክተሯ መሳቢያውን ከፍታ ብልቃጡንና ካርዱን አወጣች፤ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደውላ ረዘም ላለ ጊዜ አወራች። ስትጨርስ ጋሼ ቢሮ ገብታ ወጣችና ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ጠራቻቸው።

«ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። ከኩላሊት በላይ አድሬናል የምትባል ትንሽ እጢ አለች። እሷ ስትደክም ሰውነት ጉንፋን እንኳ አይችልም። ሰውየው ይከሳል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ ጨው ያምረዋል፣ ድዱና ጠባሳው ይጠቁራል። ይህን ያየ ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ሐኪም ዘንድ ከሄደ፣ ክኒኑን እየዋጠ ይሸመግላል። ቆራጩ ቢዘገይም ሄዶ ነበር።»

«ታዲያ እኔን ለምን ደበቀኝ?» አለች ሚስቱ።

«‹እጢዬን አሞኛል› ቢልሽ ምን ትሰሚ ነበር?»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ካንሰር።»

«በቁሙ እንዳታለቅሺው ብሎ ነው። አሁን ወደ ክኒኑ። ሐኪሙ ያዘዘው ክኒን መሐሉ ላይ መስመር አለው፤ ተካፍሎ እንዲዋጥ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን መስመር የለውም። ጋሼ ቢሮ ካለው የቫይታሚን ዕቃ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ አንድ ናቸው። የቀየረው ሰው ካርዱን አንብቧል። ተኳሹ ፊደል አይለይም፣ ሚስትየው ጨጓራ ነው ብላለች። ዛሬ እዚህ ቤት ከእኔ በፊት ‹እጢ› ብሎ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ጋሼ ላብ አጠመቀው። «እሺ፣ አነበብኩት! እጢ ሲል ካንሰር መሰለኝ። ለሚሞት ሰው ያ ሁሉ ክኒን ምን ያደርጋል ብዬ ቫይታሚን ይሻለዋል ብዬ…»

«ንባብህ በዚያ ቢቆም ጅል ነው ብዬ እንቅህ ነበር፤ ለሱም አልበቃህም።» ካርዱን ፊቱ ላይ ዘረጋችው። በእያንዳንዱ መስመር ሥር ሰማያዊ ጠመኔ አለ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ። ጮክ ብላ አነበበችው። «‹በድንገት ከተቋረጠ ለሞት ያበቃል። ካስመለሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይምጣ።› ጠመኔህ እዚህ ድረስ ወርዷል። ሱቁ ያንተ ነው፤ ደንበኛው የሚመጣው ግን ለሱ እጅ ነው። ከሚሄድብህ እዚሁ እንዲሞት መረጥክ፤ ያውም ጋውኑን አስቆርጠህ።»

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ትናንት ለምኗቸው ነበር» አለ ተኳሹ ድንገት። «‹ጋሼ፣ ሐኪም ጥራልኝ› ሲላቸው ሰምቻለሁ። ‹መጀመሪያ እጅጌዎቹን ጨርስ› አሉት። ዝም አልኩ፤ እንጀራዬን ፈርቼ።» ይህን ብሎ አለቀሰ፤ አሁን የከለከለው የለም።

ኮንስታብሉ ካቴናውን ከተኳሹ ፈትቶ ጋሼ ላይ አጠለቀው። ተኳሹ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ልጆቹ ጋ እንዲሄድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በሩ ላይ ሳይደርስ ጋሼ ደረቱን ይዞ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ደረቴን! በፈጠራችሁ፣ ሐኪም ጥሩልኝ!»

ኮንስታብሉ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው አየች፤ ፊቷ በንቀት ጠቆረ።

«ጥራለት» አለች።

ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሐኪሙ በአራት ደቂቃ ደረሰ።