ለግራ እጅ የመጣው ጠመንጃ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ተነሥቼ ዕቃ የማጥብ ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እናቴ ቤት ጎረቤቶች ተሰብስበው ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሲያወሩ እኔ ጓዳ ገብቼ ሥራ እፈልግ ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታትም በእጄ ያልገባውን ደብዳቤ ገቢ ሆኗል ብዬ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምነግራችሁም የሰማሁትንና ያየሁትን ብቻ ነው፣ ትርጉሙን ግን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ አትላንታ በገባን በአራተኛው ዓመት ነው። ዶራቪል ውስጥ ከፊት ሲያዩዋት ባለ አንድ ፎቅ፣ ከኋላ ቁልቁለት ላይ ስለተሠራች ባለ ሁለት ፎቅ የምትመስል ትንሽ የጡብ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ፣ ባለቤቴ አቶ ይመኑ እዚያው አካባቢ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ቧንቧና በር ይጠግናሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ሙያቸው የጠመንጃ ጥገና ነበር። የቧንቧውን ሥራ አልናቁትም፣ ግን ራት በልተን ስንቀመጥ ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ነገር ሲያገላብጡ አያለሁ፣ እኔም እንዳላየ ሆኜ ሳህን አነሣለሁ።

አብሯቸው የሚሠራ ካርል የሚባል የሮዝዌል ሽማግሌ አንድ ቀን ካታሎግ ሰጣቸው። ውስጡ ያለው የጥንት ጠመንጃ ነው፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ምላጩ ሲሳብ ባልጩት ብረት መትቶ በብልጭታው የሚተኩስ፤ እሱም ተሠርቶ አይደለም የሚመጣው፣ ተበታትኖ በሣጥን ነው፣ ኪት ይሉታል፣ ገዢው ቤቱ ቁጭ ብሎ በሞረድና በመሮ ይሠራዋል። ባለቤቴ ካታሎጉን እንደ ዳዊት ይዘውት ይዞሩ ጀመር።

«ጠመንጃ በፖስታ ቤት?» አልኳቸው።

«በፖስታ ቤት። ካርል እንዳለኝ ፖስተኛው በር ላይ ጥሎት ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጠመንጃ ነው ሸሽቼ የመጣሁት።»

«ይሄ ጠመንጃ አይደለም ብርቄ፣ እንጨትና ብረት ነው። ጠመንጃ የሚሆነው እኔ ከጨረስኩት ነው።»

«የምፈራው እሱን ነው።»

«እንግዲያው እንዳልጨርሰው ጸልዪ» አሉና ሳቁ።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ እመኑኝ፣ እኔን ለማግባት የወሰዱት ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው አለ፣ ልሙጥም አለ፣ አጭር አለ፣ ረዥም አለ። በመጨረሻ ጣታቸውን ልሙጡ ላይ አሳረፉ።

«የወፍ ጠመንጃ ነው» አሉኝ። «ጠመዝማዛው አንድ ድቡልቡል እርሳስ ብቻ ነው የሚወደው። ይሄ ግን ለቆቅ ፍንጣሪ ትሰጪዋለሽ፣ ለድኩላ ድቡልቡሉን፣ የሰጡትን ይጎርሳል። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ አይኮራም።»

«ዶራቪል ቆቅ አለ?»

«የለም።»

«ድኩላስ?»

«ብርቄ፣ አማክሪኝ አልኩሽ እንጂ መርምሪኝ አላልኩሽም።»

እንግሊዝኛው ለእኔ ስለሚቀል የማዘዣውን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ቀኝ እጅ ወይስ ግራ እጅ ይላል። እኔም ተርጉሜ «በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም ከካታሎጉ ሳይነሡ «ጠመንጃ መቼም የሚያዘው በግራ ነው፣ ቀኙ ምላጭ ላይ ነው» አሉኝ፣ እኔም ግራ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያኔም ብያለሁ።

ሣጥኑ ከአራት ወር በኋላ መጣ፣ እውነትም በር ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ባለቤቴ ምንጣፉ ላይ ከፍተው ብረቱን አንድ በአንድ አወጡ፣ ከዚያ መምቻውን፣ ማለት ባልጩቱን ነክሶ የሚወርደውን ብረት፣ ከእንጨቱ አጠገብ አስቀመጡ። መምቻው በግራ ጎን የሚገባ ነበር። ፎርሙ የጠየቀው ተኳሹ ቀኝ እጀኛ ነው ወይስ ግራ እጀኛ ብሎ ኖሯል።

«እንመልሰው» አልኩ።

መምቻውን አንሥተው ከእንጨቱ ግራ ጎን ጋር ለኩት። «ብርቄ፣ ይሄ የባሻ ነው» አሉ።

ባሻ ወልዴ ማለት ባለቤቴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳደጉና ሙያ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግራ እጀኛ ነበሩ፤ አገር ውስጥ ያለ ጠመንጃ ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፣ እሳቸው ግን በግራ ትከሻቸው ካልሆነ አይሆንላቸውም፣ እናም አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ የባልጩት ጠመንጃ ጠግነው ሲሞክሩ ብልጭታው ፊታቸው ላይ ወጥቶ ግራ ጉንጫቸው ላይ የበርበሬ ፍሬ የመሰሉ ጥቋቁር ነጥቦች ቀርተውባቸው ነበር። ምሳ ይዤ ሁለቱ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ስሄድ አያቸው ነበር፣ መሮ ይዘው ሲሠሩ ጥቂት ይፍቁና ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ፍቅፋቂውን ያራግፋሉ። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ከአገር ስንወጣ ለማንም አልተናገርንም፣ ለባሻም። ባለቤቴ የመጨረሻ ቀን ከእሳቸው አንዲት መሮ ተቀብለው ነበር፣ «ስዬ ነገ አመጣልዎታለሁ» ብለው። ያቺ መሮ በጨርቅ ተጠቅልላ ሱዳን ገባች፣ ከዚያም አትላንታ። ለግራ እጅ የተሳለች ስለሆነች ባለቤቴ አይሠሩባትም፣ በቀኝ የያዛት ሰው እንጨቱን ይቦጭቀዋል። ከዚያ ወዲያ ስለ ባሻ አንዱ ታስረው እዚያው አረፉ አለን፣ ሌላው ልደታ በር ላይ አየኋቸው አለ፣ ደብዳቤ እንዳንጽፍ ደግሞ በእኛ ምክንያት እንዳይነኩ ፈራን። እሑድ በምናስቀድስበት የኪራይ አዳራሽ ባለቤቴ ስማቸውን ለጸሎት ሊያስጽፉ ቀርበው ቄሱ «በሕይወት ካሉት ነው ካረፉት?» ሲሏቸው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በመኪና ስንመለስ «በቁማቸው ብቀብራቸውስ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ወረቀቷን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይዘው ይመለሳሉ።

ጠመንጃው አልተመለሰም። ባለቤቴ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሞራ መጋረድ ጀምሮ ነበርና ሌላ አራት ወር መጠበቅ አልፈለጉም፣ «የባሻን እሠራለሁ» ብለው ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል፣ ወረዱ። የብርዱን ወራት ሙሉ ከእግሬ ሥር ሞረድ ሲያፋጭ እየሰማሁ ወጥ ሠራሁ። ብረቱን ጥላሸት ይቀቡታል፣ እንጨቱ ላይ ይጫኑታል፣ ያጠቆረውን ቦታ ብቻ ይፍቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ፣ እንዲህ እያሉ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁን ሰምቼ የቱን ዕቃ እንደያዙ እስካውቅ ደረስኩ። የቀራቸው የመምቻው ቤት ነበር፣ ማለት መምቻው የሚገባበት ጉድጓድ። እዚያ ላይ መሮ አንዴ ከሳተ እንጨቱ አለቀለት፣ ዓይናቸውም እጃቸውም አላስተማመናቸውም። በየቀኑ «ነገ» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። የጥድ አበባ ብናኝ የሚዘንብበት ሰሞን ነበርና መኪናውም ደረጃውም ቢጫ ሆኗል፣ በርና መስኮት ዘግቻለሁ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከታች ሞረድ ይሰማኛል። ቀጥሎ መሮ ሰማሁ። ሞረዱ ግን አላቆመም።

መቼም ባለሙያ ባልሆንም ይህን አውቃለሁ፣ ሞረድም መሮም ሁለት ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። እንግዳ መጥቷል ብዬ አሰብኩ፣ ካርል ይሆናል አልኩ፣ ሻይ አፈላሁና ሁለት ስኒ ሞልቼ የሁለቱንም ጆሮ እንደ ልማዴ ወደ ቀኝ አዙሬ በትሪ ይዤ ወረድኩ። ደረጃው መሐል ስደርስ ባለቤቴ ሲናገሩ ሰማሁ።

«እሺ ባሻ... እሺ... አዎ፣ አልቸኩልም።»

ቀጥሎ ጠረጴዛው ሁለቴ ተመታ። ቱክ፣ ቱክ።

ትሪውን እዚያው ደረጃው ላይ አስቀመጥኩትና «ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። ሞረዱ ወዲያው ቆመ። መሮው ግን፣ እመኑኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ፋቀና ነው የቆመው፣ የጀመረውን እንደሚጨርስ ሰው።

ወርጄ አየሁ፣ ባለቤቴ ብቻቸውን ናቸው። መስኮቱ ሥር ብረት መንከሻው ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ለጠረጴዛው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የምላጩ ከለላ ላይ ሞረዱን እንዳሳረፉ ነው።

«ማን አለ?» አልኳቸው።

«ማን ይኖራል?»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

አፈሩ። «ስሠራ አናግራቸዋለሁ» አሉ፣ «ሁልጊዜ ነው። ሰማሽኝ እንዴ?»

«የሚመልሱልዎትንም ሰማሁ።»

ዞሩና ጠረጴዛውን አዩ። እኔም አየሁ። የባሻ መሮ ከጨርቋ ወጥታ በግራ በኩል ተቀምጣለች፣ የመምቻው ቤት ተፈልፍሎ አልቋል፣ ዳሩ እንደ ሣሙና የተቆረጠ ነው፣ ፍቅፋቂው ትኩስ ነው። ባለቤቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«መሮዋን ነክተሻል?»

«አሁን ነው የገባሁት።»

መምቻውን ጥላሸት ቀብተው ወደ ጉድጓዱ ገፉት። እንዲህ ያለው ነገር ሃያ ሠላሳ ጊዜ እየወጣ እየገባ ነው የሚስተካከል፣ ይኼ ግን አንዴ ገባና ተቀመጠ። ሲያወጡት የእንጨቱ ወለል ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሯል፣ የሚፋቅ ቦታ አልነበረውም።

«እርስዎ ሠርተውት ረስተውት ይሆናል» አልኩ፣ ሰው መቼም ምክንያት ይፈልጋል።

«በዚች መሮ? በቀኝ እጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

የጓሮውን በር ሄጄ አየሁት፣ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከፍቼ ደፉን አየሁ፣ ቢጫው ብናኝ እንደ ዱቄት ተነጥፏል፣ የድመት ዱካ እንኳ የለበትም። ከዚያ ትሪዬን ላነሣ ወደ ደረጃው ተመለስኩ። አንደኛው ስኒ እንዳስቀመጥኩት ነው። ሁለተኛው ግማሹ ጎድሏል፣ ጆሮውም ወደ ግራ ዞሯል። ይህን ለባለቤቴ የነገርኳቸው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ያን ቀን እንባቸውን እኔ እንዳላይ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር፣ እኔም አላየሁም።

ጠመንጃው በግንቦት አለቀ፣ ሰደፉን የተልባ ዘይት ቀብተው በመዳፋቸው አሹት። ሮዝዌል የካርል ሜዳ ላይ ወስደው ሞከሩት፣ በማያውቁት በግራ ትከሻቸው አድርገው፤ ብልጭ አለ፣ ፍስ አለ፣ ጮኸ፣ ቆርቆሮው ግን ንቅንቅ አላለም። ካርል በሳቅ ሞተ። ባለቤቴ «ለእኔ አልተሠራማ» አሉት በአማርኛ፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ያን ዕለት ቤት ገብተው መሮዋን ሊጠቀልሉ ወረዱ፣ ቆይተው ጠሩኝ። ጨርቁ ቦታው ላይ አለ፣ አራት ቦታ ታጥፏል፣ መሮዋ የለችም። እኔ ሦስት ቀን ፈለግኳት፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ፣ ፍቅፋቂው ውስጥ፣ የራሴ ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር። እሳቸው ቁጭ ብለው ያዩኛል።

«ተይው ብርቄ፣ ወሰዷት።»

«ማን ነው የወሰዳት?»

«ባለቤቷ ነዋ። ነገ አመጣለሁ ብያቸው ቀረሁ፣ መጥተው ወሰዷት።»

«እንግዲህ ስማቸውን ካረፉት ጋር ላስጽፍ?»

«ያረፈ ሰው መሮ ምን ያደርግለታል? ሥራ ቢይዙ ነው» አሉ።

«እንግዲያው በሕይወት ካሉት ጋር?»

«ከአዲስ አበባ ዶራቪል በእግራቸው መጥተው?» አሉና ፈገግ አሉ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ስማቸውን ለብቻው ጻፊው። ከላይ ምንም አትጻፊ። የሚያውቅ ያውቀዋል።»

እሑድ ያቺን ወረቀት ለቄሱ ሰጠኋቸው። ገለበጧት፣ አዩኝ፣ በሕያዋኑና በሙታኑ ወረቀቶች መሐል አስገቧት።

ያሸሸን መንግሥት ከወደቀም በኋላ ስለ ባሻ አስጠየቅን፣ ወርክሾፑ ፈርሷል፣ የሚያውቅ አላገኘንም። ባለቤቴ ካረፉ ዓመታት አለፉ፣ የእሳቸውን ስም የት እንደምጽፍ አውቃለሁ። የባሻን አሁንም ለብቻው እሰጣለሁ።

ጠመንጃው እኔ ክፍል ተሰቅሏል፣ መምቻው ያለበት ግራ ጎኑ ወደ እኔ፣ ቀኝ ጎኑ ወደ ግድግዳው። አቧራውን ከፊት በኩል ብቻ ነው የምጠርገው፣ አውርጄው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ሊቀባ ሆኖ አወረድኩት። የፊቱ ዘይት ደብዝዟል። ከኋላው ግን፣ ማንም በማይነካው በቀኝ ጎኑ፣ ሰደፉ ላይ ግራ እጀኛ ሰው ሲያነጣጥር ጉንጩን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት፣ ያብረቀርቃል፣ ዘወትር እንደሚነካ እጀታ።

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንደ ነበረው መልሼ ሰቀልኩት።