የጥልፍ መኪናዋና የሩዝ ወፍጮው

ትርሲት ወረታ ገበያ ዳር ካለው የአያልነህ ሱቅ ስትገባ ከገንዘቧ ሌላ አንድ የሸማ ቁራጭ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ሻጭ ሁልጊዜ መኪናውን በስስ ጨርቅ ላይ ነው የሚያሳየው። እሷ ደግሞ የምትሠራው በወፍራም የሐበሻ ቀሚስ ላይ ስለሆነ በሻጭ ጨርቅ አትታለልም። በሬ ሲገዛ ጠምዶ የማያይ ገበሬ የት አለ?

ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም። ባሕር ዳር የጥልፍ ቤት ያላት አክስቷ አማከለች «ነይና ከእኔ ጋር ሥሪ» እያለች ስትወተውታት ከርማለች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ልጃቸው ከዓይናቸው እንድትርቅ አይወዱም። ሆኖም በእግር መኪና አንዱን ቀሚስ ስትጠልፍ ወገቧ ሲጎብጥ እያዩ «እዚሁ ቅሪ» ለማለት አንደበታቸው እምቢ አላቸው። በመጨረሻ ተስማሙ። ባጠራቀመችው ልክ ኮምፒውተር ያለው መኪና ትገዛለች። ለጥምቀት የታዘዘችውን ቀሚስ ሁሉ ካደረሰች ወረታ ትቀራለች፤ ካልሆነላት ከጥምቀት ማግሥት ባሕር ዳር ትገባለች።

ትርሲት መሄድ አልፈለገችም። ክረምት ውኃ ተኝቶበት የሚከርመውን፣ መስከረም ሲጠባ ከዳር እስከ ዳር በሩዝ የሚለመልመውን የፎገራን ሜዳ ትወደዋለች። እናቷንም ትወዳለች። ሌላ የምትወደው ሰው ገና አልነበራትም።

አያልነህ ሦስት መኪኖች ደረደረላት። አንዱ ትልቅ ስክሪን ያለው ነው፤ ዋጋው ሲጠራ ጆሮ ያስይዛል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ሸማዋን ስታስገባበት ግን ተንገጫገጨና ክሩን በጣጠሰው። ሦስተኛው ነጭ፣ አነስ ያለ፣ ብዙም የማይኩራራ መኪና ነበር።

«ትልቁን ውሰጅ» አላት አያልነህ ስክሪኑን እየወለወለ። «የማያወጣው ሥዕል የለም። ዝሆን ሁሉ ይጠልፋል!»

«ለጥምቀት ዝሆን ያለበት ቀሚስ ማን ይለብስልኛል?»

ከሱቁ ጥግ አንድ ሰው ሣቁ አመለጠው። ዞር ስትል እጁ ግራሶ የነካው፣ ረዘም ያለ ወጣት አየች። ስሙ ደሳለው ነው።

«አንተ ለስፌት ነው የመጣኸው ለሣቅ?»

«ለቺንጋ ነው» አላት፣ ሞተርን ከወፍጮ የሚያያይዘውን ጥቁር የጎማ ቀበቶ ከትከሻው ላይ አንሥቶ እያሳየ። «ዝሆኑ ግን ጥሩ ይሆን ነበር። ታቦት ሲወርድ ሰው መንገድ ይለቅልሻል።»

ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ፊቷ ግን አልታዘዛትም። ቶሎ ብላ ወደ ነጩ መኪና ዞረች። ሸማዋን አስገባች፤ መርፌው ሳይንገራገር አለፈ። መርፌውና የታችኛው ክር ማጠንጠኛ ወረታ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀች። ይገኛል። ከፍ አድርጋ ክብደቱን ሞከረችው። ብቻዋን ታነሣዋለች።

«አንድ ነገር ረሳሽ» አለ ደሳለው። «መብራት ቢጠፋስ? የቆመበትን ያስታውሳል ወይስ እንደኔ ዝንጉ ነው?»

አያልነህ አበባው ገና ተጋምሶ ሳለ ሶኬቱን ነቀለው። መልሶ ሲሰካው መኪናው ጢጥ አለና ካቆመበት ቅጠል ቀጠለ። ሦስቱም በአንድነት «እሰይ!» አሉ።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጠየቁ እንጂ ሲደክም ምን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። ጊዜው መስከረም ነበር። ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው፤ የወረታ ወፍጮዎች ሁሉ ተኝተዋል። መብራቱም አምሮበት ነበር።

ደሳለው መኪናውን ተሸክሞ እስከ ባጃጅ አደረሰላት፣ ከዚያም «ብቻሽን እንዴት ታወርጅዋለሽ?» ብሎ አብሯት ገባ። ብቻዋን እንደምታነሣው አይቶ ነበር፤ እሷም አላስታወሰችውም። ደጃቸው ሲደርሱ ደነገጠ።

«እዚህ ነው የምትኖሪው? ከአጥራችሁ ኋላ ያለውን የሩዝ ወፍጮ እኮ ባለፈው ወር የተከራየሁት እኔ ነኝ።»

«ያ ድምፅ የሌለው?»

«ኅዳር ይምጣ እንጅ ትሰሚዋለሽ።»

ጥቅምት መልካም ወር ሆነ። ነጩ መኪና ከማለዳ ጀምሮ ይንቆረቆራል፤ አበባ በአበባ ላይ ይወርዳል። ከይፋግ ሳይቀር ሴቶች ቀሚስ እያመጡ ለጥምቀት ያዛሉ። ደሳለው በበኩሉ አጥሩን የሚያሻግር ጉዳይ አጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን መዶሻ ይዋሳል፤ አንድ ቀን መዶሻውን ይመልሳል። አንድ ቀን ደግሞ የተቀደደ ጆንያ ይዞ መጣ።

«ይህን ትሰፊልኛለሽ?»

«ኮምፒውተር ጆንያ አይሰፋም።»

«ዳሩ ላይ ትንሽ አበባ ብታደርጊበትሳ?»

ሣቀች። እሱም ሣቀ፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ ማንም ሊሰብረው አልቸኮለም። እናቷ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከጓዳ ሆነው ያን ዝምታ ሰሙት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደሳለው ሲመጣ ውጭ የሚያቆያቸው ሥራ አያጡም።

ኅዳር ገባ። ሩዝ የጫነ ጋሪና ባጃጅ ከየቀበሌው እየጎረፈ ወፍጮው ደጃፍ ተሰለፈ። ደሳለው ሞተሩን ባስነሣ በመጀመሪያው ጠዋት የትርሲት ነጭ መኪና ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመ። አጥፍታ ስታበራው አበባውን ከመጀመሪያው ጀመረና በተጠናቀቀው ግማሽ ላይ ደረበበት። የአንዲት የይፋግ ሴት ቀሚስ ተበላሸ። ፈታችና እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ቆመ። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ ሆነ። ገብርኤልን ለምና፣ መኪናውን ረግማ፣ ሁሉን ሞክራለች። መብራቱ ስላልጠፋ መብራትን አልጠረጠረችም።

ደሳለው ለምሳ ሞተሩን አሳርፎ ብቅ ሲል ዓይኗ ቀልቶ አገኛት።

«አንተ ነህ!» አለችው። «ይህን ውሰጅ ብለህ ያስመረጥኸኝ አንተ ነህ። አሁን ጥምቀት ሲደርስ በምን አፌ ነው የምቀር? ባሕር ዳር እሄዳለሁ። እንኳን ደስ ያለህ!»

አላስመረጣትም ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ደሳለው ግን አልተከራከረም። መኪናውን አየ። ያን ጊዜ እንደ ደህና ልጅ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። ከቤት ወጥቶ የመብራት ምሰሶው ሥር ቆመና ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ወፍጮው ሄደ። ሳይሰናበታትም ቀረ።

«ሂድ!» አለች ለብቻዋ። አለቀሰችም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ነጩ መኪና ጠዋት ጠዋት ዳነ። እስከ ቀትር ሳያቆም ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ያመዋል። ትርሲት ጸሎቷ ግማሽ በግማሽ የተሰማ መሰላት። ደሳለው አለመምጣቱ ግን ከመኪናው ሕመም በላይ ከነከናት። አጥሩን በዓይኗ ስትፈልግ ራሷን ትይዛለች። መዶሻው እነሱ ጋ ነበር፤ እንኳን ሊዋሰው አልመጣም።

አንድ ቀን መሪጌታ ሩዛቸውን ከአውድማ በአህያ አስጭነው ወደ ወፍጮው ሄደው እንደ ጫኑ ተመለሱ።

«ይኸ ሰው ሰነፍ ነው» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «አገር በሩዝ ተጨናንቆ እሱ ወፍጮ ዘግቶ ይቀመጣል። ቺንጋው ተበጠሰ አለኝ። ትናንትም ለሌላው እንዲሁ ብሎታል። የምን ቺንጋ ነው በየማለዳው የሚበጠስ?»

የትርሲት እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ያን ቺንጋ ታውቀዋለች። አዲስ ሆኖ በትከሻው ላይ አይታዋለች።

ነጠላዋን አደረገችና በኋላ በር ወጣች። ደሳለው ዝም ባለው ወፍጮ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

«ቺንጋህ እንዴት ነው?»

«ተበጥሷል።»

ትርሲት ወደ ሞተሩ ሄዳ ቺንጋውን በጣቷ መታ አደረገችው። ውጥር ብሎ እንደ ክራር አውታር ነዘረ።

«እንዲህ ነው የሚበጠሰው?»

ደሳለው ጫማውን አየ። ጫማው የሩዝ ዐቧራ ለብሶ ነበር።

«የምንስበው ከአንድ ምሰሶ ነው» አላት በመጨረሻ። «እኔ ሳስነሣ ያንች መብራት ይደክማል። አይጠፋም፤ ይደክማል። መኪናሽ ሲጠፋ የቆመበትን ያስታውሳል፤ ሲደክም ግን ይምታታበታል። ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ወፍጮ የማውቅ እኔ። ግን ዓይኔ መኪናው ላይ አልነበረም።»

«የት ነበር?»

ቀና ብሎ አያት፤ መልሱ እሱ ነበር።

«ኃይሉን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር የሚባል ሣጥን አለ» ብሎ ቀጠለ። «ወረታ አጣሁት፤ ባሕር ዳር አዝዣለሁ። እስኪመጣ ግን ጥምቀት ይደርስብሻል። ሩዝ ከሰዓትም ይፈለፈላል። አንችሳ ከሄድሽ በምን እመልስሻለሁ?»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ‹ወፍጮህን አስነሣ› ትይኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ትለው ነበር። ይህን ሰው ሰድባዋለች፤ እሱ ግን ጠዋቱን ሁሉ ሰጥቷት ገበሬ ሲሰድበው ይውላል። ልቧ ሞላ። ወደደችው፤ ከጆንያው ጊዜ ጀምሮ ትወደው እንደነበረም ያን ጊዜ ገባት።

«ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ይበቃኛል» አለችው ድምፅዋን አስተካክላ። «ከዚያ አስነሣ። ደግሞ ና መዶሻውን ተዋስ።»

ሥራው በዚህ ተያዘ፤ ቀሚሶቹ አንድ በአንድ ደረሱ። ስም ግን እንደ ሞተር በአንድ ጊዜ አይነሣም። የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ ደሳለው ሽማግሌ ሲልክ በሰፈሩ ያለው ስሙ አሁንም «ያ ሰነፍ» ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ማለዳ መጡ። ባሕሉ እንደሚያዘው «ካልተፈቀደልን አንቀመጥም» ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። አንጋፋው አቶ ባየህ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። ትርሲት ጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ዘሩን አልነቅፍም፤ ጨዋ ነው ይላሉ» አሉ መሪጌታ። «ነገር ግን በመኸር ወፍጮ ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ልጄን ምን አብልቶ ያኖራታል? ልጅቱም አክስቷ ዘንድ ብትሄድ ይሻላታል።»

ሴት ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ፊት ወጥታ አትናገርም። ትርሲትም አልወጣችም። መኪናዋን በጓዳው በር ትይዩ ወዳለው ጠረጴዛ ሳብ አደረገችና አበባ አስጀመረችው። ከዚያ በእናቷ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለች። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው በጓሮ ወጡ።

«ደሳለው!» ብለው ሲጣሩ በቤቱ ያለ ሁሉ ሰማ። «ወፍጮህን አስነሣው!»

ምላሹን በጭንቀት ይጠብቅ የነበረው ደሳለው ምን እንደመጣበት ሳይገባው ሞተሩን አስነሣ። አምፖሉ ደከመ። ነጩ መኪና ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመ።

«አጥፋው!»

አምፖሉ በራ። ትርሲት መኪናውን አስነሣችው፤ መርፌው ጨርቁ ላይ ወረደ።

«አስነሣው!»

ቆመ። ሽማግሌዎቹ አምፖሉን አንጋጠው ያያሉ። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሥተው ጓዳው በር ላይ ቆሙ። መኪናውን አዩ፤ አምፖሉን አዩ፤ በስተመጨረሻ አንገቷን የደፋችውን ልጃቸውን አዩ። በየማለዳው የሚበጠሰውን ቺንጋ አስታወሱ።

«ለካ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሩዜን በአህያ ያስመለስሽው አንች ነሽ!»

ከዚያ ከሆዳቸው ሣቁ። ሲሥቁ ዕንባቸው መጣ፤ የዕንባው ሁሉ ምክንያት ግን ሣቁ አልነበረም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ? ተቀመጡ እንጅ!»

አቶ ባየህ በረጅሙ ተነፈሱና ተቀመጡ።

በጥምቀት ዕለት የትርሲት ጥልፍ በወረታ ጎዳና ላይ በየሴቱ ቀሚስ ዳር ሲያልፍ ዋለ፤ በማግሥቱም ባሕር ዳር የሄደ የለም። ይልቁንም ከባሕር ዳር አክስቷ አማከለች ለጥሎሹ መጣች። የሙሽራው ወገን ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ የአንገት ሐብሉን እያነሣ ለቤተ ዘመድ አሳየ። ከሁሉ በታች አንድ ከባድ የብረት ሣጥን ነበር።

«ይኸስ ምንድን ነው?» አለች አማከለች። «ጥሎሽ ውስጥ ብረት አይቼ አላውቅም።»

«መብራት ሲደክም የሚያበረታ ነው» አለቻት ትርሲት። ከቀረበላት ሁሉ መጀመሪያ የነካችው እሱን ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሣጥኑን ሰካች፣ የራሷን የሙሽራ ቀሚስ በመኪናው ላይ ዘረጋች፣ ወደ ጓሮም ወጥታ ተጣራች። ሞተሩ ተነሣ። አጥሩ ነዘረ፤ የገበሬዎቹ ጨዋታ በድምፁ ተዋጠ። ትርሲት ወደ መኪናዋ ተመለሰች። መርፌው አላቆመም። ወፍጮው ከማዶ እያጓራ፣ አባቷ ሁለተኛውን ጆንያ ሩዝ እያስፈለፈሉ፣ አበባው ቅጠል በቅጠል እየሞላ ሄደ።