ሆረስ እና ሆሮስ

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን እንዳለፈ ሳቢራ ወረቀቶቹን ለአራተኛ ጊዜ ገለጠች።

«ወይኒ፣ ይሄን መጽሐፍ የት አገኘሽው?»

አጠገቧ የተቀመጠችው ወይንእሸት ኢርፎኗን ከጆሮዋ አወጣች። «የቱን?»

«ምንጮቹ ውስጥ የመጨረሻውን። ገጽ 112 ይላል።»

«ኢንተርኔት ላይ ነዋ።»

«ትናንት ማታም ዛሬም ፈለግኩት። በርዕሱም በደራሲውም የለም።»

ወይንእሸት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሁለቱም የሞጣ አሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቢቸና ላይ ስድስት ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት የቋንቋ ዝግጅት ጥናት ሊያቀርቡ እየሄዱ ነው። ሐሳቡ የሳቢራ ነበር። ስለ ጥንታዊት ግብፅ ስታነብ የጭልፊት ራስ ያለው አምላክ ሆረስ እንደሚባል አየች። በዚያው ሰሞን ግሪኮች ጭፈራን «ሆሮስ» እንደሚሉት ከአንድ ቪዲዮ ሰማች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ስታይ፣ ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ታያት። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ መሆን አለበት ብላ ለቀናት ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት። ማስረጃ ግን አጣች፤ ወይንእሸት ያንን መጽሐፍ እስክታመጣ ድረስ።

«የለም» አለች ወይንእሸት ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሳቢራ ወረቀቶቹን አጠፈች።

«አምና ‹ምንጭ የላችሁም› ተብለን መጨረሻ ወጣን። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ሙድ ያዘብን፤ ረሳሽው? ደግሞ ሐሳብሽ አሪፍ ነው። ማን ይፈትሻል?»

ከፊት የተቀመጡት መምህር ታዘበው ዞር አሉ። «ልጆች፣ የመጽሐፉን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ዳኞቹ የሚወዱት እሱን ነው።»

«እሺ ቲቸር» አለች ሳቢራ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከሁሉ ያናደዳት፣ መጽሐፉ እውነት ቢሆን ኖሮ ብላ አሁንም መመኘቷ ነው።

ቢቸና ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል። ተራቸው ሦስተኛ ነበር። ስማቸው ሲጠራ ሳቢራ ላፕቶፑን ወደያዘችው ወይንእሸት ጠጋ አለች።

«ያቺን የመጽሐፉን ስላይድ እለፊያት።»

«ከዚያ ምን ልትይ ነው?»

«አላውቅም።»

መድረክ ላይ ስለ ሆረስ አወራች፤ ስለ ሆሮስ አወራች። የመጽሐፉ ተራ ሲደርስ አንገቷን አዙራ አየች። የወይንእሸት ጣት ቁልፉ ላይ ቆሟል። ትንሽ ቆይቶ መጽሐፉ ሳይታይ ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«ሁለቱ ቃላት ይዛመዳሉ ብለን ነበር የተነሣነው» አለች ሳቢራ። «ማስረጃ ግን አላገኘንም።»

ወይዘሮ ብሩክታይት የተባሉት ዳኛ መነጽራቸውን አነሡ። «ታዲያ መመሳሰላቸው ብቻ ነው የቀረላችሁ?»

«አዎ። እኛም በዓሉን ‹ገና› እንላለን፤ ያልደረሰ ሰውንም ‹ገና ነው› እንላለን። ድምፁ አንድ ስለሆነ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት አይቻልም። እኔ ግን ስለወደድኩት ብቻ ብዬው ነበር።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ የሆነ ነገር ጻፉ።

አራተኛ ወጡ።

ወደ ሞጣ ሲመለሱ መምህር ታዘበው ደብረ ወርቅ ላይ ዞረው፣ «ያ መጽሐፍ የት ገባ? ማን ነበር ያመጣው?» አሉ።

ወይንእሸት ተነሥታ፣ ወንበሩን እየተደገፈች ሄዳ መምህሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ቲቸር። መጽሐፉ የለም።»

ወይንእሸት ከኋላ ስትታይ ትንሽ ሆናለች። ሳቢራ እዚያው መቀመጥ ትችል ነበር፤ የተፈለገው ሰው ተገኝቷል። ወረቀቱ ላይ ግን የሁለቱም ስም አለ። የራሷን ስም የጻፈችው ገጽ 112ን አንዴም ሳታይ ነው።

ሚኒባሱ እየተናጠ ተነሣችና ወደ ፊት መሄድ ጀመረች።