የሩብ ሰዓት ደም

የአቶ ሞገስ አንገት ከግራ ጆሯቸው ሥር እስከ ጉሮሯቸው ተሰንጥቋል። ጭንቅላታቸው በኩላሊት እጥበት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ ክንዳቸው ከቆመው ማሽን ቱቦ ጋር እንደተያያዘ ነው። ደማቸው ሲሚንቶው ላይ ወርዶ በሩ ሥር ደርሷል።

«ገና ትኩስ ነው» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ። «አልረጋም እኮ። ገዳዩም እጅ ከፍንጅ ተይዟል።»

ኢንስፔክተር እቴነሽ ጎንበስ ብላ ደሙን በጓንቷ ጫፍ ነካችው። እውነትም እንደ ውሃ ይፈሳል። ከውጭ የሮቢት ከተማው ክሊኒክ ቆርቆሮ አጥር ይንቋቋል። የሟቹ ልጅ ሰለሞን ከቀወት ገጠር ዘመዶቹን አስከትሎ መጥቷል፤ ዱላና ገጀራ የያዘ ከሠላሳ የማያንስ ሰው «ልዑልን ስጡን!» እያለ ይጮኻል። በሩ ላይ ያሉት ፖሊሶች አራት ናቸው። ከደብረ ሲና ተጨማሪ ኃይል እስኪወርድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አጥሩ ግን ያን ያህል የሚቆይ አይመስልም።

ልዑል መጋዘን ውስጥ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ድንጋይ የፈነከተው ቅንድቡ ይደማል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አቶ ሞገስ በመስኖ ውሃ ጠብ ታላቅ ወንድሙን ገድለው ታስረው ወጥተዋል።

«ለምን መጣህ?»

«ነርሱ ሮቤል ደወለልኝ። ‹ጋሼ ሞገስ ሳልሞት ልታረቀው ይላሉ› አለኝ። ስገባ አንገታቸው ተንጠልጥሏል። ቀና ላደርጋቸው ስል እጄ በደም ተነከረ።»

«ደመኛህን ለምን ቀና ታደርጋለህ?»

«እንጃ። እጄ ቀደመኝ።»

የሟች ሚስት እትዬ ጌጤ ኮሪደሩ ላይ፣ ከእጥበት ክፍሉ ብቸኛ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ አልተነሡም። እቴነሽ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሲታጠብ ሰው አይገባም ይላሉ» አሉ እትዬ ጌጤ። «ሁለት ሰዓት ላይ ሮቤል ማሽኑ ላይ አድርጎት በሩን ዘጋ። ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ ብሎ ‹ተኝተዋል፣ እንዳይረብሿቸው› አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ቁርስ ልብላ ብሎ ወጣ። ወዲያው ያ ልጅ ገባ፤ ጩኸት ሰምቼ ተከተልኩት።»

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተቀደደ ላስቲክ አይቻለሁ። የደም ማጣሪያው አዲስ ነበር?»

«አዲስ። አንዱን ማጣሪያ እያሳጠቡ ስድስት ሰባት ጊዜ ይሠሩበታል፤ የዛሬው ግን ተራው የአዲስ ነበር። ላስቲኩ ዓይኑ እያየ ካልተቀደደ ክንዱን አይሰጥም።»

ሮቤል መዝገቡን ዘርግቶ ጠበቃት።

«ይኸው ኢንስፔክተር። ሦስት ሰዓት ላይ ግፊታቸው ደህና፣ አራት ሰዓት ላይም ደህና። ከዚያ ምግብ ቤት ነበርኩ፤ ሃያ ሰው አይቶኛል።»

«ለልዑል የደወልከው አንተ ነህ?»

«እሳቸው አዘውኝ። ከፈለጉ ይጠይቋቸው!»

«በዚህ ሰዓት ትቀልዳለህ?»

«ድንጋጤ ነው፣ ይቅርታ።»

«ለዚህ ወንበር ስንት ሰው ወረፋ ይጠብቃል?»

«ዘጠኝ። የሚሠራው ማሽን አንድ ነው። ሰው ካልሞተ ቦታ አይገኝም።»

እቴነሽ የወረፋውን ዝርዝር አገላብጣ የመጀመሪያውን ስም አነበበችና ዘጋችው። ከዚያ ማሽኑ ቱቦ ውስጥ ከቀረው ደም ቀድታ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ለሷሊሕ ሰጠችው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰለሞን ገጀራውን አስረክቦ፣ ዱላውን ግን አልሰጥም ብሎ ገባ።

«ሷሊሕ፣ ንገራቸው።»

«መሣሪያዬ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ ቆጠርኩ» አለ ሷሊሕ። «ትናንት ለምርመራ በሰጡት ደም ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ሰባት ሺህ ነበሩ። አሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ።»

«የት ገቡ?»

«የዚህ ማጣሪያ ክር ከጥጥ ነው የሚሠራው። ነጭ ሕዋስ የሰውነት ዘበኛ ነው፤ አዲሱን ክር ሲነካ ጠላት ገባ ብሎ ይቆጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሳንባ ውስጥ ይከማቻል። በሩብ ሰዓት ደሙ ይራቆታል። አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ግን ተመልሶ ይወጣል። ታጥቦ የተመለሰ ማጣሪያ ቢሆን ይህን ያህል አይቆጣም፤ የሰውየውን ደም ስለለበሰ ይለምደዋል።»

«እንግዲህ» አለች እቴነሽ፣ «አቶ ሞገስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢታጠቡ ኖሮ ሕዋሳቱ ተመልሰው እናገኛቸው ነበር። አልተመለሱም። የሞቱት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እትዬ ጌጤ፣ ያኔ ውስጥ ማን ነበር?»

«ሮቤል ብቻ።»

«ከአግዳሚው ተነሥተዋል?»

«ለሽንትም አልተነሣሁ።»

«ደሙ ትኩስ ነበር!» ሮቤል ጮኸ። «ሁሉም አይቷል!»

«ለእጥበቱ ብለህ ደማቸው እንዳይረጋ መድኃኒት የሰጠሃቸው አንተ ነህ። በሮቢት ሙቀት ደግሞ ሬሳ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ምላጭ የተጠቀለለበት ደም የነካ ሽርጥ ከዚህ ክፍል ቢወጣስ ማን ይጠይቃል? የሞተ ሰው ግፊት ሁለት ጊዜ ጻፍክ። ከዚያ ደመኛቸውን በስልክ ጠርተህ ሬሳው ላይ አስገባኸው። ወረፋው ላይ ቀጣይዋ ሐይማኖት ናት፤ ያባቷ ስም ያንተ አባት ስም ነው።»

ሮቤል ግድግዳውን ተደገፈ።

«እህቴ ናት» አለ። «ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይገለጥም። ሁለት ወር ጠበቀች። እኚህ ነፍስ አጥፍተው በሳምንት ሁለቴ እታጠባለሁ ሲሉ፣ እሷ ምን በድላ...»

አልጨረሰም። የሰለሞን ዱላ አፉ ላይ አረፈ፤ ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ተንጠባጠበ። ሁለተኛው ምት ሊወርድ ሲል እቴነሽ ክንዱን ጠምዝዛ ዱላውን ነጠቀችው። የልዑልን ካቴና አውልቃ ሮቤል እጅ ላይ አጠለቀችው።

«ወንበሩ ለእሷ ይሰጣታል?» አለ ሮቤል ደም እየተፋ።

ልዑል ነጻ እጁን እያሻሸ በሩን አየ፤ ግን አልተራመደም። ውጭ ያለው ሰው የሰማው ነገር የለም። አጥሩ እየተቀደደ ነው።

እትዬ ጌጤ ተነሡ።

«ክንድህን ስጠኝ» አሉት ልዑልን። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተም በዚያ በኩል ያዘው።»

«እማዬ!»

«ያዘው ብያለሁ!»

ሦስቱ ተያይዘው ወጡ። ፊት የቆመው ሰው ገጀራውን አንሥቶ ነበር።

«መንገድ ልቀቁ» አሉ እትዬ ጌጤ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ነው።»