የቁጥር አሥራ ሰባት ምንጭ

ቀማሪው ማሽን ከቁርስ በፊት አሥራ አንድ ዓይነት ቫይረስ ሠርቶ በየብልቃጡ አሰልፎ ነበር። አሥሩ ለአሥር ሕመምተኞች የብረት ጉልበትና የብረት ዳሌ ተስማምተው ተወጉ፤ ሰዎቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። አሥራ አንደኛው ግን አልሆነም።

የአዋሽ ዳር የመገጣጠሚያ ሕክምና ማዕከል ኃላፊ ዶክተር ትርሲት የምርመራውን ሳህን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና ከንፈሯን አጣመመች። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ እርጎ ሞልቶታል። ፋጁ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልከፈተበትም። ፋጅ የሚሉት ሰውን ሳይነካ ባክቴሪያን እየመረጠ የሚበላ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ከአያቶቿ ዘመን ጀምሮ ለምንም ስለማይበጅ ሰው ሠራሽ ጉልበቱ የመገለበት ሁሉ ተስፋው ፋጅ ነበር።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የሕመምተኛው ነው» አለች ለራሷ፤ ካርዱንም አነበበች። ዘገየ በልሁ። ሰባ አንድ ዓመት። የቀድሞ ሥራ፦ የፍሳሽ መጣጭ ቦቴ ሾፌር። ሳታስበው አፍንጫዋን ያዘች። አዋሽ ዳር ውስጥ እያንዳንዱ መጸዳጃ ጉዱን እዚያው አቃጥሎ አመድ ያደርገዋል፤ ከተማዋ ከሰው ሆድ የሚወጣ ነገር መኖሩን ከረሳች ቆይታለች። ይኸ ሰውዬ ግን ዕድሜ ልኩን እሱን ሲመጥ ኖሮ ተባዩን ተሸክሞ ንጹሕ አልጋዋ ላይ ተጋደመባት። ወይ አለማፈር!

«እንዴት አደሩ አባባ?» አለችው። በአፏ አንቱ ትለዋለች፤ በልቧ ግን አንተ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እኔስ አድሬያለሁ፤ ጉልበቴ ነው ያላደረው።»

ልጄ ይላታል ደግሞ! «ማሽኑ አልቻለም። ዓርብ ጠዋት ከጉልበትዎ በላይ ይቆረጣል።»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ የለም። ባለቤቴ አለሚቱ ዐይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ክንዴን ይዛ ነው። እኔ ራሴ በክራንች ከሄድኩ እሷ ምኔን ትይዛለች?»

«መሪ ማሽን ይሰጣታል።»

«ማሽን! አንቺ ባል የለሽም መሰለኝ» አለና በሥቃዩ መሐል ፈገግ አለ። «ስሚኝ ልጄ፤ ይኸ ተባይ ከየት እንደያዘኝ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ጓሮዬ ያለው አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ክዳኑን ሳነሳ አዳልጦኝ የብረት ጉልበቴ ላይ ቆዳዬ ተሰነጠቀ። ተባይ ባለበት የሚበላውም አለ፤ እኛ ሾፌሮቹ ይኸን እናውቅ ነበር።»

ሾፌር ሐኪም ሊያስተምር! መልስ ሳትሰጠው ወጣች። ግን ቃሉ እንደ አሸዋ ጥርሷ መሐል ቀረ፤ ላቦራቶሪ እንደገባች ማሽኑ ላይ ጮኸችበት።

«ለምንድን ነው ያቃተህ?»

«ባክቴሪያው እንግዳ ነው» አለ ቀማሪው በለዘብታ። «የሚበላውን ፋጅ ዘር ባክቴሪያው በኖረበት ቦታ እፈልግ ነበር። ዘሮቹ የተገኙበት ቦታ ግን ከአራት ዓመት በፊት በእርስዎ ትእዛዝ ከመዝገቡ ተሰርዟል።»

«አንተ ትቀምራለህ እንጂ ትፈልጋለህ እንዴ?»

«ከምንም ቀምሬ አላውቅም፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የመዝገብ ዘሮች እያዳቀልኩ ነው።»

ትርሲት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ነገሩ ትዝ አላት። የአንድ ባለሥልጣን ሚስት ካርዷ ላይ «ምንጭ፦ የቄራ ቦይ» የሚል አንብባ እብነ በረዱ ላይ አስመልሳ ነበር። ትርሲት በዚያው ቀን፣ በአንድ ትእዛዝ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም መስመር ሰርዛ «ከተፈጥሮ ምንጭ» አሰኘቻቸው። ይሉኝታ ነዋ! የሰው ገበና ከምትገልጥ የሳይንሱን ገበና ደበቀች፤ ቦርዱም አጨበጨበላት።

የማዕከሉን ናሙና ለቃሚ ሮቦቶች ወደ ሽማግሌው ጓሮ ላከቻቸው። አልሄድ አሉ። «ሰገራ መንካት በደንቡ ክልክል ነው» አሉ በአንድ ድምፅ። ደንቡን የጻፈችው ማን ነበረች? እሷው ናት። እናም የአዋሽ ዳር ማዕከል ኃላፊ ጠርሙስና ገመድ ይዛ ራሷ ሄደች።

ታችኛው ሰፈር ስትደርስ ወይዘሮ አለሚቱ በሩን ከፈቱላት። «እግርሽን ከፍ አድርጊ ልጄ፣ ደፉ ላይ ድንጋይ አለ» አሏት። ዐይን ያላት ትርሲት ድንጋዩን መትታ ልትወድቅ ነበር።

የጉድጓዱ ሽታ ዕንባዋን አመጣው። ሽማግሌው ከአልጋው ሆኖ በስልክ ይመራታል። «ድንጋይ እሰሪበት፣ አለዚያ ይንሳፈፋል። ከላይ እንዳትቀጂ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ዛሬ ግን ሁለቱንም ከሥሩ ነው!» ብሎ ሳቀ። ትርሲት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሰውዬውን፣ ሙያውን፣ ያቺን ቀን ሁሉ ረገመች። ጠርሙሱ ግን ሞላ።

ልትወጣ ስትል ወይዘሮ አለሚቱ ከሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥተው ሰጧት። «የጠርሙስ ነገር ከሆነ ይኸ ይጠቅምሽ እንደሆነ። እሱ ሰው ፊት አያወጣውም። ለልጆቻችንም ውሃ ልማት ነበርኩ ነው የሚላቸው።»

መኪናዋ ውስጥ ገለጠችው። የሃያ ዓመት ቀለም ነው። በየመስመሩ የጠርሙስ ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን፣ ከዚያ «ለማዕከሉ አስረከብኩ»። አንድ፣ የእስር ቤቱ ጉድጓድ። ዘጠኝ፣ የቄራ ቦይ። አሥራ ሰባት፣ የአውቶቡስ ተራ የሕዝብ ሽንት ቤት፣ ሐምሌ ዘጠኝ፣ ዝናብ ነበር።

ቁጥር አሥራ ሰባት። ከሦስት ዓመት በፊት ትርሲት ራሷ መኪና ተገልብጦባት የብረት ዳሌ ስታስገባ መግሎባት ነበር። ያዳናት ፋጅ በማዕከሉ መዝገብ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ካርዷ ላይ «ከተፈጥሮ ምንጭ» ስለሚል ለእንግዳ ሁሉ ስታሳይ፣ ዳሌዋን መታ መታ እያደረገች ስትኩራራ ኖራለች። በራሷ ውሸት ራሷ ተታለለች። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ወርዳ በእግሯ መሄድ አማራት፣ ግን መሄጃዋም ያው የአውቶቡስ ተራ ዳሌ ነበር።

ከጉድጓዱ የመጣውን ውሃ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ወንፊት አጣራችው፤ ፋጅ ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል። የተጣራውን የሽማግሌው ባክቴሪያ ባለበት ሳህን ላይ አፈሰሰችው። በማግስቱ ሳህኑን በቀዳዳ ተበሳስቶ አገኘችው። አጥርታና አባዝታ በዚያው ቀን ጉልበቱ ውስጥ ወጋችው። ዓርብ ጠዋት ትኩሳቱ ወረደ፣ መግሉም መድረቅ ጀመረ። ቀዶ ሐኪሞቹ መጋዛቸውን ይዘው ተመለሱ።

ትርሲት የመዝገቡን ሰሌዳ ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አባባ፣ ከእንግዲህ አዲስ ፋጅ ባገኘው ሰው ስም ነው የሚጠራው። የእርስዎን ልጽፍ ነው።»

አቶ ዘገየ ደነገጡ። «ተይው! ልጆቼ ያፍራሉ። በሰው ሁሉ ካርድ ላይ እንደምታደርጉት ‹ከተፈጥሮ ምንጭ› በይው። ያምራል።»

ትርሲት እጇን ከሰሌዳው አነሳች። ንቀት የእሷ ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካ የተናቀውም ሰው ውስጥ ገብቶ ብረት ላይ እንደሚጋገር ባክቴሪያ ተጣብቋል። ለዚህኛው የሚሆን ፋጅ ቀማሪው የለውም። ባክቴሪያ ባክቴሪያን አይጸየፍም፣ ፋጅም የሚበላበትን ቦታ አይመርጥም፤ ያዳነውን እጅ ታጥቦ የሚጸየፍ ሰው ብቻ ነው።

አዲሱን መስመር ትታ ወደ አሥራ ሰባተኛው ሄደች። «ከተፈጥሮ ምንጭ» የሚለውን አጥፍታ ጻፈች፤ ከዚያ ሰሌዳውን ወደ አቶ ዘገየ አዞረችው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን እያስከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ምንጭ፣ የአውቶቡስ ተራ ሽንት ቤት። ያመጣው፣ ባዶ። የዳነችበት፣ ዶክተር ትርሲት ዋቅጅራ፣ ቀኝ ዳሌ።»

ቀና ብለው ዳሌዋን አዩ፣ ከዚያ ፊቷን። «አንቺም?»

«እኔም። ሦስት ዓመቴ።»

«ያንን ቀንማ አልረሳውም፤ ያ ሁሉ ዝናብ!» አሉና አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሲበቃቸው ዐይናቸውን ጠርገው ባዶው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«በይ እንግዲያው ጻፊው። ዘገየ በልሁ። ሾፌር የሚለውንም እንዳትረሺ።»